ክረምት ሳይገባ ሳጥኑን ክፈቱ፦ በጦርነት ጊዜ በባዕድ አገር የታሰሩ ወንጌል ሰባኪዎችን የቤተሰብ መዝገብ እንዴት እንሰብስብ

የምንኖረው ቡራዩ ነው፣ ከገፈርሳ ግድብ ብዙም ሳይርቅ። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ክረምቱን ያውቀዋል። ሐምሌ ላይ ግድግዳው ያልበዋል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ልብስ ይሻግታል። በዚህ ቤት ሴት አያቴ አልጋ ሥር አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ለብዙ ዓመት ተቀምጣ ነበር። ማንም አይነካትም። «የአባታችሁ ናት» ይሉን ነበር፣ ወንድ አያቴን ማለታቸው ነው።

ወንድ አያቴ ወንጌል ሰባኪ ነበሩ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ጣሊያኖች ይዘው ሶማሊያ፣ ደናኔ እስር ቤት ወሰዷቸው። ሳጥኗ ውስጥ የእሳቸው አዲስ ኪዳን፣ ጥቂት ፎቶዎችና አብራቸው ታገለግል ከነበረች አንዲት የውጭ አገር ሚሲዮናዊት የመጡ ደብዳቤዎች አሉ። እሷም በበኩሏ ከእኛ አገር ከወጣች በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሩቅ ምሥራቅ ታስራ ነበር። ሁለት እስረኞች በአንድ ሳጥን ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ሰበታም ይሁን ሱሉልታ፣ ለገጣፎም ይሁን አቃቂ፣ እንዲህ ያለች ሳጥን ያላት ቤት ብዙ ስለሆነች ነው። ስለ ታሳሪዎቹ የተጻፈ ነገር ያለው ጄኔቫ ወይም ለንደን ብቻ ይመስለናል። አይደለም። ግማሹ እኛ ቤት ነው። የታሰረው አንድ ሰው ነው፤ የጠበቀው ግን ቤት ሙሉ ሰው ነው። የጠበቁትን ሰዎች ነገር ደግሞ የትኛውም የውጭ ቤተ መዛግብት አልመዘገበውም።

1. መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ወረቀት

ሳጥኑ አንድ ሳምንት ቢቆይ ምንም አይሆንም። የዘጠና ዓመት እናት ግን አትቆይም። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ አዛውንቶቹ ሂዱ።

ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ቡና ይዛችሁ ሂዱ፣ ቡናው እስኪፈላም አትቸኩሉ። ስልካችሁን ለመቅጃ ከማውጣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፦ «እማማ፣ የሚነግሩኝ እንዳይጠፋብኝ በስልኬ ልቅዳው?» ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። እምቢ ካሉ በደብተር ጻፉ። ስልኩን «የአውሮፕላን» ሁኔታ ላይ አድርጉት፤ እኔ ጥሩ ወሬ መሐል ስልክ ተደውሎ የተቋረጠብኝ ቅጂ አለ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሰው የሚያስታውሰው በክስተት ነው። ማይጨው ከሆነ በኋላ ነው ወይስ በፊት? ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ የት ነበሩ? ይህ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ንጉሡ የተመለሱትም ልክ በአምስተኛው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። «ንጉሡ ሲገቡ አባባ ቤት ነበሩ?» የምትለው አንዲት ጥያቄ ብቻ የእስሩን ዘመን በግማሽ ታጠብበዋለች። በዓላትም ይረዳሉ። ለጥምቀት ነው የወሰዷቸው? ፍልሰታ ላይ ነው የመጡት? የዝናቡ ነገርስ? ጭቃ ነበር?

እኔ ከጠየቅኳቸው ሁሉ ትልቁን በር የከፈተው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ለቅሶ ተቀምጣችሁ ነበር?» ሴት አያቴ ይህን ስጠይቃቸው ዝም አሉ። ከዚያ መርዶ እንደተነገራቸው፣ ድንኳን እንደተጣለ፣ ጥቁር እንደለበሱ ነገሩኝ። ወንድ አያቴ ከዚያ በኋላ ነው በእግራቸው በር ላይ የቆሙት። ይህ የትም አልተጻፈም። እኔም ሠላሳ ዓመት እዚያ ቤት እየኖርኩ አልሰማሁትም ነበር።

ሌሎቹም ጥያቄዎች የጠበቁትን ሰዎች የሚመለከቱ ይሁኑ። ልጆቹን ማን አበላ? መሬቱን ማን አረሰ? ወሬ በማን አፍ ይመጣ ነበር? የትኛው ጎረቤት ነው የሸሸው፣ የትኛውስ ነው ማታ ማታ እህል ያቀበለው? የሚሲዮኑ ቤት ሲዘጋ ዕቃውን ማን ደበቀ? ስሞቹን አንድ በአንድ ጻፉ። የሰበካ ጓደኞች፣ የምግብ አብሳይ፣ ዘበኛ፣ አስተርጓሚ፤ የሚሲዮናውያኑ ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ሰዎች «አንድ የአገሬው ረዳት» ብሎ ነው የሚያልፋቸው። ስማቸውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ አትጠይቁ። ሰውየው ሲያለቅስ ቅጂውን አቁሙና ዝም ብላችሁ አብራችሁ ተቀመጡ።

2. ሳጥኑን ስትከፍቱ

በበጋ ክፈቱት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ አቡጀዲ አንጥፉ። ቡናም ሻይም ከዚያ ጠረጴዛ ይራቅ። እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ፤ ለወረቀት ጓንት አያስፈልግም፣ ጓንት ያደረገ ጣት ስስ ወረቀት ይቀድዳል። ለፎቶ ግን ጠርዙን ብቻ ያዙ።

ምንም ነገር ሳታነሱ እንዳለ ፎቶ አንሱት። ቅደም ተከተሉ ራሱ መረጃ ነው። ሁለት ደብዳቤዎች በአንድ ክር ታስረው ከተገኙ አብረው እንዲቀመጡ የፈለገ ሰው ነበረ ማለት ነው። ከዚያ አንድ በአንድ አውጡና በእርሳስ፣ በጀርባቸው ጥግ፣ ለስለስ አድርጋችሁ ቁጥር ስጧቸው። እስክሪብቶ አይሆንም። ደብዳቤውን ከፖስታው አትለዩ፤ ፖስታውን የሚጥል ሰው ግማሹን ታሪክ ጣለ።

የዛገ ስፒልና አግራፍ ካለ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ወረቀቱ ተጣብቆ ከሆነ አትጎትቱ፣ ተዉት።

አዲስ ኪዳኑን፣ መዝሙር መጽሐፉን፣ ዳዊቱን ገጽ በገጽ ግለጡ። በእኛ አገር የቤተሰብ መዝገብ ያለው እዚያ ነው። የልጅ ልደት፣ የክርስትና ስም፣ የብድር ሒሳብ፣ የሞት ቀን በባዶው ገጽና በኅዳጉ ይጻፋል። በእኛ አዲስ ኪዳን መጨረሻ ገጽ ላይ አሥራ አንድ ስሞች በአንድ እጅ ጽሑፍ ተደርድረዋል። አብረው የታሰሩ ሰዎች ናቸው። ከአራቱ ስም አጠገብ ትንሽ መስቀል አለ። ያ ገጽ ሳጥኗ ውስጥ ካለው ሁሉ ይበልጥብኛል።

3. የማይደረጉ ነገሮች

የተቀደደውን በስኮች አታያይዙ። እኔ አድርጌዋለሁ። የሚሲዮናዊቷን አንድ ደብዳቤ በስኮች ለጠፍኩት፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ገባ፣ ከሥሩ ያለው መስመር አይነበብም። ላሚኔትም አታስደርጉ። ሙቀቱ ይጎዳዋል፣ አንዴ ከታሸገ ደግሞ ማውጣት አይቻልም። ፎቶ በአልበም ማጣበቂያ ገጽ ላይ አትለጥፉ።

ሻጋታ ካለ ከቤት ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ብቻ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። ፀሐይ ላይ አታስጡ፣ ቀለሙን ትበላዋለች።

ለማስቀመጫ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ታጥቦ የደረቀ አቡጀዲ ውስጥ ጠቅልላችሁ፣ ደረቅ የካርቶን ሳጥን ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ከውጭ ግድግዳና ከማድቤት ጭስ ርቃችሁ አስቀምጡ። ከአዲስ ጫማ ሳጥን የምትወጣዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ጨምሩባት። በየዓመቱ ሰኔ መጀመሪያና መስከረም ላይ ክፈቱና እዩ። ቤት ሲታደስ ወይም ስትቀይሩ ሳጥኑን ከዕቃው ጋር መኪና ላይ አትጫኑ፤ አንድ ሰው በእጁ ይዞት ይሂድ።

4. ፎቶ አንስታችሁ ቅጂ አስቀሩ

ጥሩ ስልክ ይበቃል። መስኮት አጠገብ፣ ቀጥታ ፀሐይ በማይመታበት ቦታ፣ ፍላሽ ሳታበሩ አንሱ። ጀርባውንም አንሱ፣ ባዶ ቢሆንም። ስካነር ካገኛችሁ የጥራት መጠኑን (ዲፒአይ የሚለውን) ለጽሑፍ 300፣ ለፎቶ 600 ላይ አድርጉት።

የፋይሉን ስም በቁጥሩ ሰይሙት፣ «ሳጥን 1፣ ወረቀት 14፣ ጀርባ» እንደማለት። ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ «እንደ ፋይል» ላኩ፤ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይቀንሳል፣ ደብዛዛው ማኅተም ጭራሽ ይጠፋል። አንድ ቅጂ ቤት፣ አንድ ቅጂ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ፣ አንድ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥ።

5. ቀኑንና ማኅተሙን ማንበብ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

የውጭ አገር ደብዳቤ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም 1 እስከ የእነሱ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ 7 ዓመት ቀንሱ፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ቀንሱ። ይህን የማያውቅ ሰው የአንድ ዓመት ስሕተት ይሠራል፣ አንድ ዓመት ደግሞ የእስረኛ ሕይወት ውስጥ ብዙ ነው። የመጀመሪያውን ቀን እንዳለ ጻፉ፣ የተሰላውን ከጎኑ ጨምሩ። አንዱን በሌላው አትተኩ።

በወረራው ዘመን የወጣ የጣሊያን ወረቀት ከሆነ ከተለመደው ዓመት ጎን በሮማውያን አኃዝ ሌላ ዓመት ይኖራል። ያ የፋሺስት አቆጣጠር ነው፣ የሚጀምረው ከኦክቶበር 28 ቀን 1922 ነው። መስቀለኛው ምልክት 10፣ ወደ ታች የሾለው 5፣ ቀጥ ያለው ዘንግ 1 ነው፤ ዘንጉ ከሾለው በግራ ከቆመ ይቀነሳል። መስቀለኛና ሹል ብቻ ካያችሁ 15ኛው ዓመት ነው። ወደ እኛ ለመመለስ 1914 ደምሩበት፦ 15 ሲደመር 1914፣ 1929 ይሆናል። ቀኑ ከመስከረም 1 እስከ ጥቅምት 17 ባለው ጊዜ ከሆነ ግን 1915 ደምሩ። እኔ ይህን ከማወቄ በፊት አንድ የይለፍ ወረቀት ላይ ያለውን 15 ቁጥር የቀበሌ ቁጥር መስሎኝ ነበር።

ቀጥሎ ሳንሱር። በጦርነት ጊዜ የእስረኛ ደብዳቤ ሳይከፈት አያልፍም። ፖስታው ጠርዝ ላይ የተለጠፈ የወረቀት ቁራጭና ማኅተም ፈልጉ። ጣሊያኖቹ «ቬሪፊካቶ ፔር ቼንሱራ» ይላሉ። እንግሊዞቹ በመርማሪ እንደተከፈተ ይጽፋሉ፣ ቁጥርም አለው። ጀርመኖቹ «ገፕሩፍት» ይላሉ። ማኅተሙ ደብዳቤው በማን እጅ እንዳለፈ ይነግራችኋል፣ ስለዚህ የትኛውን አገር መዝገብ መጠየቅ እንዳለባችሁ በአንድ ጊዜ ታውቃላችሁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀይ መስቀል የሲቪል መልእክት ቅጽ ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ከ25 ቃል በላይ መጻፍ አይፈቀድም ነበር፣ የቤተሰብ ወሬ ብቻ። መልሱ የሚጻፈው እዚያው ጀርባው ላይ ነው። «ሁላችንም ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ነገር አንብባችሁ ምንም የለውም አትበሉ። 25 ቃል ብቻ የተሰጠው ሰው የትኛውን ቃል መረጠ? የማንን ስም ጠራ? የማንን ስም ሳይጠራ ቀረ? እዚያ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

6. ታሪኩን በቦታው ማስቀመጥ

የአንድ ቤተሰብ ወረቀት ብቻውን ሲነበብ ግራ ያጋባል። ከተመዘገበው ታሪክ ጋር አቀራርቡት።

ከየካቲት 12 በኋላ ጣሊያኖች ኢትዮጵያውያንን ወደ ብዙ ቦታ አጋዙ። ደናኔ ከሞቃዲሾ በስተደቡብ ባሕር ዳር ነው። ኖክራ በዳህላክ ደሴቶች ውስጥ ነው። ከመኳንንቱና ከተማሩት ከፊሎቹ ወደ ጣሊያን ተወሰዱ፣ ከነዚህ ቦታዎች አንዱ በሰርዴንያ አጠገብ ያለችው የአዚናራ ደሴት ናት። አዛውንቶቹ «ባሕር ማዶ» ሲሉ ሦስቱንም ሊሆን ይችላል። ሙቀቱን፣ ምግቡን፣ የተጓዙበትን ጠይቁ፤ በመርከብ ረጅም መንገድ የሄደና በጭነት መኪና የተጋዘ ሰው ወሬው አንድ አይደለም።

የውጭ ሚሲዮናውያኑም እንደዚያው። በሚያዝያ 1933 ዛምዛም የምትባል የግብፅ መርከብ ከመቶ በላይ ሚሲዮናውያንና ቤተሰቦቻቸውን ይዛ ወደ አፍሪካ ስትመጣ በደቡብ አትላንቲክ የጀርመን የጦር መርከብ አጠቃት። ተሳፋሪዎቹ ተረፉና ጀርመን ወደያዘችው ፈረንሳይ ተወሰዱ። አሜሪካውያኑ ተለቀቁ፣ የካናዳና የእንግሊዝ ዜጎች ግን ታሰሩ። በቻይና ደግሞ ጃፓኖች ሚሲዮናውያንን ከነልጆቻቸው ዌይሽየን በሚባል ካምፕ ሰበሰቡ። በ1924 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦሎምፒክ በ400 ሜትር ወርቅ ያገኘው ስኮትላንዳዊው ኤሪክ ሊድል በሚሲዮናዊነት ሲያገለግል ተይዞ የካቲት 14 ቀን 1937 የሞተው እዚያ ነው። ካምፑ ነጻ የወጣው በዚያው ዓመት ነሐሴ 11 ነው። ሚስቱና ልጆቹ ካናዳ ሆነው ይጠብቁት ነበር።

ጉዳዩ በእኛም አገር ሩቅ አይደለም። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሄንሪ ስተርንና ሌሎች ሚሲዮናውያን መቅደላ ላይ ታስረው ነበር። ሚሲዮናዊው ማርቲን ፍላድ በ1866 እ.ኤ.አ. የንጉሡን ደብዳቤ ይዞ ወደ እንግሊዝ ሲላክ ሚስቱና ልጆቹ መያዣ ሆነው ቀሩ። በእስር ታሪክ ውስጥ ቤተሰብ ሁልጊዜ አለ።

7. ስሙን በስንት መልኩ እንደሚጻፍ ዘርዝሩ

ቤተ መዛግብት ሳትጠይቁ በፊት ይህን ሥሩ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የጣሊያን ጸሐፊ የሰማውን በራሱ አጻጻፍ ነው የጻፈው። «ገብረ» እና «ወልደ» አንዳንዴ ከቀጣዩ ስም ጋር ተጣብቀው፣ አንዳንዴ ተለያይተው ይገኛሉ። የአባት ስም እንደ ዋና ስም ተቆጥሮ መጀመሪያ ይመጣል። ጸ፣ ጠ፣ ቀ፣ ጨ እያንዳንዳቸው በሦስትና በአራት መልክ ይጻፋሉ። የክርስትና ስማቸውን፣ የፈረስ ስም ካላቸው እሱንም፣ አጠራራቸውንም ጨምሩ። ለአያቴ አሥራ ሁለት አጻጻፍ አዘጋጅቻለሁ።

8. የት መጠየቅ?

ከቅርብ ጀምሩ። የቤተ ክርስቲያናችሁ አጥቢያ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ አለው። ቤተሰባችሁ ከመካነ ኢየሱስ ከሆነ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችው ጥር 13 ቀን 1951 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያለው ወረቀት በሚሲዮኖቹ በኩል መፈለግ አለበት። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት እና ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቀጥለው ይታያሉ። ከደናኔ የተመለሱ ሰዎች ከጦርነቱ በኋላ የሰጡት የምስክርነት ቃል በመንግሥት ታትሟል፣ ጥናት ተቋሙ ውስጥ ጠይቁ።

ወደ ውጭ ስትወጡ ማኅተሙን ተከተሉ። ጄኔቫ ያለው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የእስረኞች ካርዶች አሉት። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካርዶች ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይታያሉ፤ ለሁለተኛው በጽሑፍ ይጠየቃል። በናዚ ጀርመን ለታሰሩ በጀርመን ባድ አሮልሰን ከተማ ያለው ቤተ መዛግብት በነጻ ይፈልጋል። ለጣሊያን ወረቀት ሮም ያለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቤተ መዛግብት የቀድሞውን የአፍሪካ ሚኒስቴር መዝገብ ይዟል። እንግሊዝ የያዘቻቸው ሰዎች መዝገብ ለንደን፣ ኪው በሚባለው ሰፈር ባለው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። ሚሲዮኖቹም የየራሳቸው ቤተ መዛግብት አላቸው፤ የባዝል ሚሲዮን ስዊዘርላንድ፣ ባዝል፤ የሄርማንስቡርግ እዚያው ጀርመን፣ ሄርማንስቡርግ፤ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ፊላዴልፊያ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፣ አንድ ገጽ። ሙሉ ስም ከነአጻጻፎቹ፣ የአባት ስም፣ የተወለዱበት ዓመት በግምት፣ አገልግሎታቸው ምን እንደነበር፣ መቼና የት እንደተያዙ፣ እናንተ ምናቸው እንደሆናችሁ። «ያላችሁን ሁሉ ላኩልኝ» አይባልም። አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ዝምድናን የሚያሳይ ማስረጃ ሊጠይቁ ይችላሉ፣ አዘጋጁት። ወራት ይወስዳል። ዋናውን ወረቀት በፍጹም አትላኩ፣ ቅጂ ብቻ።

ቤት ለሚመጣ እንግዳም እንደዚያው። አንድ ጊዜ ጥናት እሠራለሁ ያለ ሰው «ኮፒ አድርጌ ነገ እመልሳለሁ» ብሎ ሁለት ፎቶ ወስዶ አልተመለሰም። አንደኛው ላይ አያቴ ከመታሰራቸው በፊት ቆመው ነበር። ሌላ የወጣትነት ፎቷቸው የለንም።

9. ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ

በመጨረሻ ያገኛችሁትን በአንድ ደብተር፣ ለአንድ ሰው አንድ ገጽ አድርጋችሁ ጻፉ። ለታሰረውም፣ ለጠበቀውም። ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ከየት እንደመጣ አስቀምጡ፦ «ወረቀት 14»፣ «እትዬ ነገሩኝ፣ በጥር»፣ «ተባለ»። የሁለት ሰው ወሬ ካልተስማማ ሁለቱንም ጻፉ፣ አትዳኙ።

የሚያሳፍር ወይም የሚያጣላ ነገር ይወጣል። ማን ጠቆመ፣ ማን ባንዳ ነበር የሚል። የልጅ ልጆቻቸው ጎረቤት ሊሆኑ ይችላሉ። እሱን ለብቻው በታሸገ ፖስታ አስቀምጡ፣ መቼ እንደሚከፈት ቀን ጻፉበት፣ ለሕዝብ አታውጡት።

የሚሲዮናዊቷን ደብዳቤዎች ቅጂ በሚሲዮኗ ቤተ መዛግብት በኩል ለቤተሰቦቿ ልኬ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ የወንድሟ የልጅ ልጅ መለሰልኝ። እነሱም ጋ አንድ ሳጥን አለ። ውስጡ ከአዲስ አበባ የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ አለ፣ ማንም አንብቦት አያውቅም። ፎቶውን ላከልኝ። የሴት አያቴ የእጅ ጽሑፍ ነው። አሁን እማማ አጠገብ ቁጭ ብዬ ቃል በቃል እያነበብኩላቸው ነው፤ ስድስት መስመር ደርሰናል።